ባሉበት የሚዋኙበት ውኃ፦ የሁለት ሕፃናትና የአንድ ስዊም ስፓ የጉዳይ ጥናት

«ጋሼ፣ ይህ ውኃ ለምን አይመጣም?»

ጠያቂዋ የ5 ዓመት ልጅ ናት። የቆምነው 25 ሜትር ርዝመት ባለው የሕዝብ መዋኛ ገንዳ ጠርዝ ላይ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ለ14 ሳምንታት በቤታቸው ባለው፣ ስዊም ስፓ በሚባለው ትንሽ ገንዳ ውስጥ ዋና አስተምሬያታለሁ፤ በማስታወሻ ደብተሬም ላይ «40 ሰከንድ ያለማቋረጥ ዋኘች» ብዬ ጽፌ ከሥሩ አስምሬበታለሁ። ጥያቄዋ አሳቀኝ። ሳልመልስላት አብረን ገባን።

አራት ሜትር ያህል ቀጥ ብላ ዋኘች። ከዚያ እንደለመደችው መቅዘፏን ተወች። በቤቷ ውኃ መቅዘፍ ስታቆም የሚሆን ነገር አለ፤ እዚህ አልሆነም። ቀና ብላ ጠርዙን ፈለገች፤ ሩቅ ነው። እግሮቿ ወደ ታች ወረዱ፣ አገጯ ወደ ላይ ተንጋጠጠ፣ እጆቿ ውኃውን ቁልቁል መጫን ጀመሩ። ድምፅ አላሰማችም። በክንድ ርቀት ላይ ስለነበርኩ ወዲያው ያዝኳት፤ ሦስት ሰከንድም አልፈጀ። ወጥተን ፎጣ ስትለብስ ከሁለታችን ይበልጥ የተረጋጋችው እሷ ነበረች።

በዚህ ሥራ ብዙ ልጆች ሲደነግጡ አይቻለሁ። የዚህችኛዋ ድንጋጤ ግን በእኔ ጥፋት የመጣ ነው። ጥፋቱ እንዴት እንደተሠራ ለመረዳት ወደ ቤቱና ወደ ገንዳው መመለስ ያስፈልጋል።

ገንዳው

ስዊም ስፓ በመዋኛ ገንዳና በሙቅ ውኃ ገንዳ መካከል ያለ ዕቃ ነው። በአንደኛው ጫፍ ያሉ ፓምፖች ውኃውን በኃይል ይገፋሉ፤ ዋናተኛው ያንን ግፊት እየተቃወመ ባለበት ይዋኛል። የመሮጫ ማሽን ለሯጭ የሚሠራውን ይህ ለዋናተኛ ይሠራል። አባትየው የገዛው ለወገቡ ሕመም ነው፤ ልጆቹ የታሰቡት ቆይቶ ነው።

የውጭ ርዝመቱ 4.6 ሜትር፣ ስፋቱ 2.3 ሜትር ገደማ ሲሆን 5,500 ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል። ርዝመቱ ሲነገር ደህና ይመስላል፤ ከፊት የግፊቱ ማስወጫ፣ ከኋላ ሁለቱ መቀመጫዎች ሲቀነሱ ግን ለመዋኘት የሚተርፈው 3 ሜትር አይሞላም። የውኃው ጥልቀት 1.2 ሜትር ነው። የልጅቷ ቁመት 1.08 ሜትር፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው የወንድሟ ደግሞ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር።

ብዙ ወላጆች «ትንሽ ገንዳ ስለሆነ ለትንሽ ልጅ ይስማማል» ብለው ያስባሉ። የሕዝብ ገንዳ ልጅ በእግሩ የሚቆምበት ወገን አለው፤ ወለሉ ቀስ እያለ ይወርዳል። እዚህ ዝቅ ያለ ወገን የሚባል የለም። ልጆቹ እግራቸውን የሚያሳርፉት በኋላ ባሉት መቀመጫዎች ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ሲቆሙ ውኃው ለልጅቷ ከእንብርቷ በላይ፣ ለወንድሟ እስከ ብብቱ ይደርሳል። ከመቀመጫው አንድ እርምጃ ካለፉ ገደል ነው። በመጀመሪያው ቀን እናትየውን በመቀመጫው አፋፍ ላይ ወደ ጎን ዞራ፣ እግሯን ዘርግታ እንድትቀመጥ ጠየቅኳት።

«አጥር ልሁን ነው የምትለኝ፣ መምህር?» አለች።

አጥር ሆነች፤ ለሦስት ወር ያህልም ከዚያ ቦታ አልተነሳችም።

የሙቀቱ ነገር ደግሞ ከጠበቅነው በላይ አከራከረን። አባትየው ውኃውን 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አድርጎት ነበር። ለወገብ መልካም ነው። ሕፃን ግን በዚህ ውኃ ውስጥ እግሩን ሲመታ ሰውነቱ የሚያመነጨውን ሙቀት የሚያስወጣበት መንገድ ያጣል፤ ውኃው ከቆዳው ይልቅ ይሞቃልና። ጉንጩ ይቀላል፣ ይፈዛል፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንቅልፍ የመጣበት ይመስላል። በሌላ በኩል ለጎልማሳ ዋናተኛ የሚመቸው 27 ወይም 28 ዲግሪ ለትንሹ ልጅ ይበርደዋል። ውኃ ከሰውነት ሙቀት የሚወስድበት ፍጥነት የአየርን 25 እጥፍ ያህል ነው፤ ሕፃን ደግሞ ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ብዙ ቆዳ አለው። 32 ዲግሪ ላይ ተስማማን።

እኛ ተስማማን፤ ውኃው ግን በቀላሉ እሺ አላለም። ማሞቂያው 4 ኪሎዋት ነው። 5,500 ሊትር ውኃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ፣ ምንም ሙቀት ባይባክን እንኳ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅበታል፤ ከ32 ወደ 37 ለመድረስ 8 ሰዓት ማለት ነው። መቀዝቀዙ ከዚያም ይብሳል፤ ወፍራም ግድግዳና ክዳን የተበጀለት እንዳይቀዘቅዝ ነዋ። «ጠዋት ለልጆቹ፣ ማታ ለወገቤ» የሚለው የአባትየው ዕቅድ በሁለት ቀን ውስጥ ከሸፈ። ውኃው ለልጆቹ ተወሰነ፤ እሱም ቅር እያለው በ32 ዲግሪ መታሸት ጀመረ።

ውኃ ከመንካታችን በፊት

ፓምፕ ውኃ የሚገፋው ከሌላ ቦታ ስቦ ነው። የሚስብባቸው ቀዳዳዎች ታች ግድግዳው ላይ ናቸው፤ ትንሽ ልጅ ደግሞ ቀዳዳ ሲያይ እጁን ሳይሰድ አያልፍም። ለወላጆቹ የነገርኳቸው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ቨርጂኒያ ግሬም ቤከር የተባለች የ7 ዓመት አሜሪካዊት፣ የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጄምስ ቤከር የልጅ ልጅ፣ በሙቅ ውኃ ገንዳ ውስጥ የመሳቢያው ኃይል ይዞ ስላስቀራት ሞተች። ዋና የምትችል ልጅ ነበረች። በስሟ የተሰየመውና በ2007 የጸደቀው ሕግ የመሳቢያ ሽፋኖች የሰውን አካል አጣብቀው እንዳይዙ ሆነው እንዲሠሩ የሚያስገድድ ነው። ይህን ከነገርኳቸው በኋላ በዋና መነጽር ጠልቄ ሽፋኖቹን አንድ በአንድ አየሁ። ከአራቱ አንዱ ተሰንጥቋል። አዲስ ተገዝቶ እስኪገጠም ትምህርቱ ለአንድ ሳምንት ተራዘመ፤ ልጅቷ የዋና ልብሷን ለብሳ ክዳኑ ሥር ቆማ አለቀሰች። ልቅሶዋ አሳዘነኝ፤ ውሳኔዬን ግን አልቀየርኩም። ከዚያ በኋላም ጸጉሯ ታስሮ ኮፍያ ውስጥ ሳይገባ ውኃ ነክታ አታውቅም፤ ረጅም ጸጉር በመሳቢያ ይያዛልና።

ሁለተኛው ጉዳይ በአየር የሚነፉት የክንድ ተንሳፋፊዎች ነበሩ። የገዙት አያትየው ናቸው፤ እንዲቀሩ ስጠይቅ ቅር አላቸው።

«ልጄ፣ ይህን ካወለቅህበት በምን ልያዘው?»

«በእጅዎ፣ እማማ።»

ንግግሬ ድፍረት መስሎ እንዳይታይብኝ ምክንያቱን በውኃው ውስጥ አሳየኋቸው። ልጁ ተንሳፋፊውን ሲለብስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እግሩ ታች፣ ራሱ ላይ። ይህ አቋም የሚሰምጥ ሰው አቋም ነው። ዋና የሚጀምረው ሰውነት ሲጋደም ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ልጁ የሚያንሳፍፈው እሱ ራሱ እንደሆነ ማመኑ ነው፤ አንድ ቀን ሳይለብስ ይገባል። እማማ ሰምተው ዝም አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ተንሳፋፊዎቹን የት እንዳደረጓቸው ጠየቅኩ፤ «ለአሻንጉሊቷ አለበስኳት» አሉኝ።

ሦስተኛው ማን ይጠብቃል የሚለው ነው። ፍራንክ ፒያ የተባለ በኒው ዮርክ ኦርቻርድ ቢች ይሠራ የነበረ ነፍስ አድን፣ ሰዎች ሲሰምጡ የሚያሳዩትን አስተውሎ የጻፈው ነገር አለ፦ የሚሰምጥ ሰው አይጮህም፣ እጁን አያውለበልብም፤ ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ጸጥ ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ በዚህ ቤት አንድ ደንብ ወጣ። ውኃው ክፍት በሆነ ጊዜ ሁሉ ሥራው መጠበቅ ብቻ የሆነ አንድ ትልቅ ሰው ይኖራል፤ ስልክ አይዝም፣ ለትንሹም በክንድ ርቀት ላይ ይሆናል። አባት፣ እናትና እማማ ሦስቱም የልብና የትንፋሽ እርዳታ ሥልጠና ወሰዱ። የሰመጠ ሰው ልቡ የሚቆመው አየር በማጣት ነው፤ ስለዚህ ደረት መጫን ብቻውን አይበቃም፣ ትንፋሽ መስጠትም ያስፈልጋል።

አፍንጫ፣ ጆሮ፣ ጀርባ

የመጀመሪያዎቹን አምስት ሳምንታት ግፊቱን ጨርሶ አላበራነውም። በቀን 12 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን፤ ሁለቱን ቀን እኔ፣ የቀሩትን ወላጆቹ እኔ ባሳየኋቸው መንገድ። ስለ ቤት ውስጥ ዋና መልካም ነገር ተናገር ብባል የማስቀድመው ይህን ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ 30 ደቂቃ፣ ከስድስት ልጆች ጋር ተራ እየጠበቀ የሚማር ልጅ በውኃ ውስጥ በእውነት የሚሠራው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሲመለስ ያለፈውን ሳምንት ፍርሃት እንደ አዲስ ይጀምረዋል። እነዚህ ልጆች ትናንት የፈሩትን ዛሬ ይነኩት ነበር።

ልጅቷ ፊቷን ውኃ ሲነካት የምትሸሽ ነበረች። ጸጉሯ በታጠበ ቁጥር ቤቱ ይረበሻል። በግድ ድፍቅ ማድረግ በአንዳንዶች ዘንድ እንደ ብልሃት ይቆጠራል፤ እኔ አላደርገውም። ልጅ ሳይዘጋጅ ሲደፈቅ ትን ይለዋል፣ የጠጣው ውኃ ያስታውከዋል፣ ከሁሉም በላይ የያዘውን ሰው እጅ ማመን ያቆማል። ያደረግነው ይህ ነው፦ አፏን ዘግታ «እምምም» እያለች እንድታንጎራጉር። አፍ ተዘግቶ የሚንጎራጎር ሰው አየሩ የሚወጣው በአፍንጫው ነው፤ አየር ሲወጣ ውኃ አይገባም። መጀመሪያ አገጭ፣ ቀጥሎ ከንፈር፣ ቀጥሎ አፍንጫ። በ8ኛው ቀን የመረጠችውን ዜማ እያንጎራጎረች ሙሉ ፊቷን ድፍቅ አደረገች። ወንድሟ ማንጎራጎሩን አልወደደም፤ ቡልቅ ቡልቅ ማድረጉን ግን ማንም አላስቆመውም።

በጀርባ መንጋለል ሌላ ታሪክ ነው። ልጆች የሚጠሉት ጆሮ ውኃ ውስጥ መግባቱን ነው። ልጅቷ ራሷን በትከሻዬ ላይ አሳርፋ በጀመረች በ3ኛው ቀን በድንገት ጮኻ አንገቴን አነቀች። ምን እንደሆነች አልገባኝም። ጆሮዬን ውኃ ውስጥ ከትቼ ሳዳምጥ ገባኝ፦ የማጣሪያው ፓምፕ በራሱ ሰዓት ተነስቷል። ድምፅ በውኃ ውስጥ ከአየር ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል፤ በዚህ ምክንያት ጆሮ ከየት እንደመጣ መለየት ያቅተዋል። ልጅቷ የሰማችው በሁሉም አቅጣጫ የሚያጓራ ነገር ነው። የማጣሪያውን ሰዓት ወደ ሌሊት አዛወርነው፤ በሳምንቱ መጨረሻ አንድ ጣቴን ብቻ ከማጅራቷ ሥር አድርጌ ተንሳፈፈች። ይህችን ፓምፕ ባላዳምጥ ኖሮ «ፈሪ ናት» ብዬ እጽፍ ነበር።

በዚሁ ጊዜ የውኃው ንጽሕና አንድ ጊዜ አስቸገረን። በ5,500 ሊትር ውስጥ አራት ሰው ሲገባ ክሎሪን ቶሎ ያልቃል፤ ሞቃት ውኃ ደግሞ ያባብሰዋል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ለመዋኛ ገንዳ ቢያንስ በሚሊዮን 1 እጅ፣ ለሙቅ ውኃ ገንዳ ቢያንስ 3 እጅ ነጻ ክሎሪን፣ ፒኤች (የውኃው አሲዳማነት መለኪያ) ደግሞ ከ7.0 እስከ 7.8 እንዲሆን ይመክራል። እኛ ለ3 ወሰንን፤ መለኪያው ወረቀት ሳይነከር ማንም አይገባም። ትንሹ የዋና ዳይፐር ለብሶም አንድ ቀን ውኃውን አበላሸ። ገንዳው ተደፍቶ፣ ተፈትጎ እንደገና ተሞላ፤ ከ18 ወደ 32 ዲግሪ ለመድረስ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ። ተቅማጥ የያዘው ልጅ እንዳይገባ የሚለውን ደንብ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

የክዳኑ ቀን

በ5ኛው ሳምንት ማብቂያ የሆነውን በአጭሩ ልናገር። ትምህርቱ አልቋል፣ እናትየው ልጅቷን ለማልበስ ገብታለች፣ አባትየው ክዳኑን ግማሽ ድረስ አጥፎ ፎጣ ሊያመጣ ሄደ። እኔ ቦርሳዬን ይዤ በር ላይ ነበርኩ። ዞር ስል ትንሹ በደረጃው የመጨረሻ እርከን ላይ ቆሞ አንድ እግሩን ወደ ውኃው አንስቷል። ሮጬ ያዝኩት። ምንም አልሆነም።

ከአምስት ሳምንት በፊት ይህ ልጅ ወደ ገንዳው አይጠጋም ነበር። ፍርሃቱን የወሰድኩበት እኔ ነኝ፤ በምትኩ የሰጠሁት ችሎታ ግን ገና የለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ መደበኛ የዋና ትምህርት የመስመጥ አደጋን በ88 በመቶ ከመቀነስ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል፤ ወላጆች ይህን ቁጥር ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2019 ባወጣው አቋም ብዙ ልጆች ከ1 ዓመት ጀምሮ ከትምህርቱ ሊጠቀሙ እንደሚችሉ ይናገራል፤ በዚያው ጽሑፍ ግን ትምህርት ልጅን ከመስመጥ ነጻ እንደማያደርገው ያሳስባል። በዚያ በር ላይ ቆሜ የተሰማኝ ሁለተኛው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃው ከትምህርት በኋላ ተነቅሎ ይወሰዳል፣ የክዳኑ አራት ማሰሪያዎች ይቆለፋሉ፣ ቁልፉ እማማ ዘንድ ነው። ለማንም አይሰጡም፤ ለእኔም ቢሆን ሁለት ጊዜ ካልጠየቅኩ።

ግፊቱ

በ6ኛው ሳምንት አባትየው «መምህር፣ ይህን የገዛሁት እኮ ለዚህ ነው» ብሎ የግፊቱን ማብሪያ አሳየኝ። በዝቅተኛው ላይ አበራነው።

መጀመሪያ ላይ የጠቀመን ይመስል ነበር፤ በእርግጥም ጠቅሟል። ከፊት የሚመጣ ውኃ የልጅቷን ሰውነት አንስቶ አጋደመው፤ በእኔ እጅ ሲወርዱ የኖሩት እግሮቿ ወደ ላይ መጡ። በመዳፏ ውኃ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ገባት። ሁለት ትናንሽ ችግሮች ነበሩ፤ ሁለቱንም ፈታናቸው። ውኃው ግንባሯን ስለሚመታት አገጯን ታነሳ ነበር፤ ወለሉ ላይ ቀይ ቀለበት አስቀምጬ እሱን እያየች እንድትዋኝ አደረግኩ። ግፊቱ ውስጥ የሚቀላቀለው አየርም ውኃውን አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋማ ውኃ ደግሞ ከንጹሑ ያነሰ ይሸከማል፤ የአየሩን ቫልቭ ዘጋነው።

ሦስተኛውን ግን አላየሁትም። ልጅቷ ሲደክማት መቅዘፏን ትተዋለች። ግፊቱ እንደ እናት አቅፎ ወደ ኋላ ይወስዳትና መቀመጫው ላይ ያሳርፋታል። እግሯን ታወርዳለች፤ የምትቆምበት አለ። በዚህ ገንዳ ውስጥ መቆም ማለት ቤት መግባት ነበር። ለ9 ሳምንታት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በየቀኑ ስድስትና ሰባት ጊዜ «ሲደክምሽ ተዪው፣ ውኃው ያደርስሻል» ተብላ ተማረች። እኔ እንዲህ አላልኳትም፤ ገንዳው ነው ያላት። እኔ በሰዓት መቆጣጠሪያዬ ሰከንድ እቆጥር ነበር፤ 15፣ 25፣ 40። ስንት ሜትር ሄደች ብዬ አልጠየቅኩም፤ መልሱ ምንጊዜም ዜሮ ነበርና።

ሌላም የጎደለ ነገር አለ። ሦስት ሜትር በማይሞላ ቦታ የሚዋኝ ልጅ መዞር አይማርም፣ ጠርዝ መፈለግም አይማርም፤ የትም ቢዘረጋ እጁ ጠርዝ ይነካል። ስለዚህ በሕዝብ ገንዳው ላይ ከአንድ በላይ ነገር በአንድ ጊዜ ጠፋባት፦ የሚመጣው ውኃ፣ የሚያሳርፈው መቀመጫ፣ በእጅ የሚደረስበት ግድግዳ። የገንዳው ውኃ 28 ዲግሪ ነበር፤ ከለመደችው በ4 ዲግሪ የቀዘቀዘ ውኃ ትንፋሿን አሳጠረው። በደብተሬ ላይ «ዋኘች» ብዬ የጻፍኩት ለአንድ ገንዳ ብቻ የሚሠራ ነገር ነበር።

እርማቱ

ግፊቱን ለሦስት ሳምንት አጠፋነው። አኮረፈች፤ አባትየውም ሳያኮርፍ አልቀረም።

የመጀመሪያው ሥራ ማቆምን እንደገና ማስተማር ነበር። ከመቀመጫው ትነሳለች፣ መሐል ላይ ስትደርስ አጨበጭባለሁ፣ ባለችበት ትገለበጥና በጀርባዋ ትንጋለላለች። ማንም አይነካትም። አምስት ትንፋሽ፣ ቀጥሎ አሥር። «አሁን የት ልሂድ?» ትለኛለች፤ «አንቺ ምረጪ» እላታለሁ። እናትየው በዚህ ጊዜ ከአጥርነት ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረች፤ እሷና እማማ ሁለቱን መቀመጫዎች ይዘው ተቀመጡ። ልጅቷ የለመደችው ማረፊያ ተያዘባት፤ ወደ ጎን ጠርዝ ሄዳ በራሷ መውጣት ግድ ሆነ። ለመውጣቱ ዜማ አለን፦ «ክርን፣ ክርን፣ ሆድ፣ ጉልበት»። ትንሹ ከውጭ ሆኖ ይዘፍንላት ነበር።

ከሁሉ ረጅም ጊዜ የወሰደው መዞር ነው። ሳያስበው ውኃ ውስጥ የወደቀ ልጅ ፊቱ የሚያየው ወደ መሐሉ ነው፤ መዳኛው ጠርዝ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ነው። ስለዚህ ከጠርዝ ትዘላለች፣ ከውኃው በላይ ስትወጣ ወደ ዘለለችበት ትዞራለች፣ ትይዛለች። ይህን በየቀኑ አሥር ጊዜ። ሲሰለቻት ልብሷን ለብሳ ሞከረችው፤ የረጠበ ሱሪ ምን ያህል እንደሚከብድ አይታ በሳቅ ፈነዳች። ከዚያ ግድግዳ ሳትነካ ዙሪያውን መዋኘት፤ ቀጥሎ የ8 ቁጥር ቅርጽ እየሠሩ መዋኘት። በትንሽ ገንዳ ረጅም መንገድ የሚገኘው በመጠማዘዝ ነው። ግፊቱን መልሰን ስናበራው ደግሞ ለዋና አልነበረም፤ በጀርባዋ ተንጋልላ ሳለች በድንገት እንዲያናውጣትና ሳትደነግጥ እንድትቆይ ነው። ለአንድ ሳምንት ሙቀቱን 29 ዲግሪ ላይ አወረድነው። በየሁለት ሳምንቱም ወደ ትልቁ ገንዳ ሄድን፤ መጀመሪያ እግሯ በሚደርስበት ወገን።

የአሜሪካ ቀይ መስቀል «የውኃ ብቃት» ብሎ የሚጠራው አምስት ነገር ነው፦ ከቁመት በላይ በሆነ ውኃ ገብቶ ወደ ላይ መውጣት፣ ለአንድ ደቂቃ መንሳፈፍ ወይም ባሉበት መቆየት፣ ዙሪያውን ዞሮ መውጫን መፈለግ፣ ወደዚያው 25 ያርድ ማለትም 23 ሜትር ያህል መዋኘት፣ ያለ መሰላል መውጣት። በዚህ ዝርዝር ላይ አንድም ቦታ «ባለበት ለ40 ሰከንድ መቅዘፍ» የሚል አላገኘሁም። ልጅቷ ዛሬ አንደኛውን፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ትችላለች። መንሳፈፉ 35 ሰከንድ፣ ዋናው 10 ሜትር ላይ ነው።

ትንሹ አይዋኝም። ጠርዙን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ይሄዳል፣ ፊቱን ይደፍቃል፣ ጣቴ ማጅራቱን እየነካው ለ6 ሰከንድ ይንጋለላል። መሐል ላይ ጆሮው ታሞ ሦስት ሳምንት ሲቀር የነበረውን ሁሉ ረስቶት መጣ፤ ከቡልቅ ቡልቅ ጀመርን። በዚህ ዕድሜ ይህ የተለመደ ነው።

በ23ኛው ሳምንት ትልቁ ገንዳ ጥልቅ ወገን ላይ ነበርን። ልጅቷ ከጠርዝ ዘለለች፣ ወጣች፣ ወደ መሐል ዋኘች። ስድስት ሜትር ላይ ደከማት። አባትየው ጠርዝ ላይ ተንበርክኮ እጁን ሲዘረጋ አየሁ፤ እኔ ከአጠገቧ ነበርኩና በዓይኔ ከለከልኩት። ተገለበጠች። ጣሪያውን እያየች ዘጠኝ ትንፋሽ ተነፈሰች። ራሷን ቀና አድርጋ ዙሪያውን አየች፣ የአባቷን እጅም አየችው፤ ሩቅ ነበር። ከእሱ በስተግራ ያለው ግድግዳ ይቀርባት ነበርና ወደዚያ ሄደች። ክርን፣ ክርን፣ ሆድ፣ ጉልበት።

በሚቀጥለው ቀን ጠዋት አባትየው ደወለልኝ። እንኳን ደስ ያለን ተባብለን ስናበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«መምህር፣ እንግዲህ ውኃውን ወደ 37 ልመልሰው?» አለኝ።

«ትንሹ ገና ነው» አልኩት።